«ታይድ»ን ማዕበል ሳያደርጉ መተርጎም፦ ከሳፋ ውሃ እስከ ዱቤ ደብተር

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፤ ታክሲ የመጨረሻውን ሰው አውርዶ የሚዞርበት ጫፍ ላይ። ከሰዓት በኋላ የብሎካችን ልጆች የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዘው ይመጣሉ። ማታ ማታ ደግሞ ለሥራ የትርጉም ፈተና የተሰጣቸው ትልልቆቹ ይደውላሉ። ትንሹም ትልቁም የሚወድቅበት አንድ ቃል አለ። «ታይድ» ይባላል። የባሕር ቃል ነው፤ የውሃው መሙላትና መጉደል። ሁሉም «ማዕበል» ብለው ይጽፉታል።

በቅርቡ አንዷ ተማሪ ይህ ቃል ያለበት አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይዛ መጣች። ሐሳቡ «ብድሩ እስከ ደመወዝ ቀን ያደርሰናል» ነው። እሷ የጻፈችው ግን «ብድሩ እስከ ደመወዝ ቀን በላያችን ማዕበል ያስነሳል» የሚል ነበር። «ቲቸር፣ ዲክሽነሪው ነው እንዲህ ያለው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብሏል። (የዘንድሮን ብድር ላየ ሰው እሷም ያን ያህል አልተሳሳተችም።)

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ትርጉሙ ስለሚገባ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ፣ ቃሉ ያለበትን ሙሉ አንቀጽ። ተቆርጣ የወጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ እርሳስ። ሦስተኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ይበቃል። አራተኛ፣ ግማሽ ሳፋ ውሃ።

ሳፋው ቀልድ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቃሉ በዓረፍተ ነገር መሃል በትልቅ ፊደል ከጀመረ ቆም በሉ። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሚሸጥ በዚህ ስም የሚጠራ የልብስ ሳሙና አለ። ወሬው ስለ ልብስ ከሆነ «ታይድ» ብላችሁ እንዳለ ተዉትና ሥራችሁን ቀጥሉ።

ደረጃ 1፦ ውሃውን በዓይናችሁ እዩ

ባሕር ላላየ ሰው ይህ ደረጃ ግዴታ ነው። ያየም ቢሆን አይጎዳውም።

1. ሳፋውን ወለል ላይ አስቀምጡ። ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ።

2. ከአንዱ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉበት። የውሃው ላይ ይሸበሸባል። ውሃው ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ይህ ሞገድ ነው፤ አፋችሁ ነፋሱ ነው። አሁን ጉንጫችሁን ነፍታችሁ በኃይል እፍ በሉ። ጠርዙን እየመታ ይረጫል። ማዕበል ማለት ይሄ ነው።

3. መንፋት አቁሙ። እስኪረጋ ጠብቁ። የሳፋውን አንድ ጎን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ላይ አንሱ። ላዩ አይሸበሸብም። ድምፅም የለም። ግን በአንዱ በኩል ውሃው ጠርዙን ይዞ ወጣ። በሌላው በኩል ሸሸና የሳፋው ወለል ታየ። ቀስ ብላችሁ መልሱት። የሸሸው ተመልሶ ይሞላል።

ታይድ የሚመስለው ይህን ሦስተኛውን ነው። መሙላት፣ መጉደል፣ ተመልሶ መሙላት። ግርግር የለውም።

ሳፋውን ያዘነበለው እጃችሁ ነው። ባሕሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን የጨረቃ ስበት ነው፤ የፀሐይም ይጨመርበታል። ነፋስና ዝናብ ዋና ምክንያቶቹ አይደሉም። በአብዛኛው የውቅያኖስ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የዛሬው ጠዋት ሙላት ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ሰዓቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ መርከበኞች ሰንጠረዥ ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። ማዕበል እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለውም። ይህን ልዩነት ያዙ፤ ደረጃ 4 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ከፍታው እንደ ቦታው ነው። ቀይ ባሕር ላይ ትንሽ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ በዓይን አይታይም። ካናዳ ውስጥ ፈንዲ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ግን በሙላቱና በጉድለቱ መሃል 16 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በመስኮት ብቅ በሉና አንዱን ጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም እዩት። ያን ሕንፃ እስከ ጣሪያው ውሃ ሲሸፍነው፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ግቢው ደርቆ ሲታይ አስቡ። 

«እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች ከየት እናውቀዋለን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዩልየስ ቄሳርም ተሸውዷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት ጦሩን ይዞ ብሪታንያ ሲደርስ፣ በአንዲት የሙሉ ጨረቃ ሌሊት ባሕሩ ሞልቶ ዳር ላይ የተሳቡትን መርከቦቹን ውሃ ሞላባቸው፣ መልሕቅ ላይ የቆሙትን ደግሞ ማዕበል ሰባበራቸው። ሮማውያን ያደጉበት የሜዲትራኒያን ባሕር ታይዱ ኢምንት ስለሆነ ነገሩን አያውቁትም ነበር። ባሕር ያላቸውም እንዲህ ከሆኑ እኛ ብንሳሳት አይገርምም።

ካልሠራ፦ ሳፋውን ስታነሱ ውሃው ከተንቦጫረቀ ፈጥናችኋል። እንደገና ጀምሩ። ስትጨርሱ ውሃውን አትድፉት። የእናንተ ሰፈር እንደ እኛው ውሃ በፈረቃ ከሆነ ካልሲ እጠቡበት።

ደረጃ 2፦ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ውሃ አለ ወይስ የለም?

አንቀጹን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። በእርሳስ ሁለት ዓይነት ቃል አስምሩ። መርከብ፣ ወደብ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ጨረቃ፣ ሜትር፣ ሰዓት ካያችሁ ውሃ አለ። ጦርነት፣ ምርጫ፣ ገበያ፣ ወንጀል፣ የሕዝብ አስተያየት፣ ዕድል ካያችሁ ውሃ የለም፤ ቃሉ በምሳሌነት ነው የገባው።

ካልለየላችሁ በቃሉ ቦታ «የባሕሩ ውሃ» ብላችሁ አንብቡት። «የባሕሩ ውሃ በጠዋት ስለጎደለ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ቀረች።» ያስኬዳል፤ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። «የባሕሩ ውሃ በተቃዋሚው ላይ ዞረ።» አያስኬድም፤ ወደ ደረጃ 4።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጡ። ቃሉ ስም ነው ወይስ ግስ? ከኋላው «ኦቨር» ከተከተለው ግስ ነው። ያኔ ደረጃ 3ንም 4ንም ዝለሉና ወደ 5 ሂዱ። ያቺ የብድሩን ዓረፍተ ነገር ያመጣች ተማሪ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ውሃ ካለ «ሙላት» በሉ

የአማርኛ ቃል ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ሐምሌ ላይ አቃቂን የሚሻገር ሰው የሚለውን አዳምጡ። «ሞልቷል፣ ሙላቱ እስኪጎድል ጠብቅ።» ቃሉ አለን። የወንዝ ነው፣ ግን ለባሕርም ይሆናል።

ስለዚህ «ሃይ ታይድ»ን «የባሕር ሙላት»፣ «ሎው ታይድ»ን «የባሕር ጉድለት» በሉ። ግስ ከፈለጋችሁ «ባሕሩ ሞላ»፣ «ባሕሩ ጎደለ» ወይም «ሸሸ»። በጽሑፉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ «ባሕር» የሚለውን አትተዉት። ብቻውን «ሙላት» ካላችሁ የአዲስ አበባ ዳር ሰው የሚያስበው ጎርፍ ነው። በክረምት ትልቁ አቃቂም ትንሹም የሚሞሉት በዝናብ ነው፤ ያ ውሃ ደግሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል እንጂ ከስድስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ አይመጣም።

አሁን ወጥመዶቹ። ብዙ ናቸው፣ ይሄ ክፍል ይረዝማል።

ሰዓቱ። የታይድ ሰንጠረዥ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ሰንጠረዡ ንጋት 4:30 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 10:30 ነው። ቀጣዩ ሙላት ከሰዓት 4:55 ካለ ከቀኑ 10:55 ነው። ከቀየራችሁ በኋላ በሁለቱ ሙላቶች መሃል ያለውን ቁጠሩት። በቀን ሁለቴ በሚሞላ ባሕር ላይ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ካልተጠጋ አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ረስታችኋል። ይህ ስሕተት በየፈተና ወረቀቱ ላይ አለ። ዓሣ አጥማጅ ቢያነበው በባዶ አሸዋ ላይ መረብ ይጥላል።

«ስፕሪንግ ታይድ»። ይህን «የጸደይ ማዕበል» ያላለ ተማሪ አላጋጠመኝም። ከጸደይ ጋር ምንም አያገናኘውም። «ስፕሪንግ» እዚህ ጋ መዝለል፣ ብድግ ማለት ነው። ጨረቃ አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን የፀሐይና የጨረቃ ስበት ይደጋገፋል፤ ባሕሩ ከወትሮው በላይ ይሞላል፣ ከወትሮው በታች ይጎድላል። በወር ሁለቴ ገደማ። ጸደይ በወር ሁለቴ አይመጣም። «ታላቁ ሙላት» ብትሉት ይበቃል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን የሚመጣው «ኒፕ ታይድ» ደግሞ «ትንሹ ሙላት» ይሁን።

«ታይዳል ዌቭ»። ስሙ ውስጥ ታይድ አለ፣ ነገሩ ውስጥ ግን የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሱናሚ ለማለት ነው፤ ሱናሚን የሚያስነሳው በዋናነት ከባሕር በታች የሚነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፣ ጨረቃ አትጠየቅበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻዎች የመታው እንዲህ ያለው ነው። «ሱናሚ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

«ሪፕ ታይድ»። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የሰው ሕይወት አለበት። የባሕር ዳርቻ ማስጠንቀቂያ ላይ የምታገኙት ቃል ነው። ዋናተኛን ከዳር ወደ መሃል የሚጎትት ጠባብና ኃይለኛ ፍሰት ለማለት ነው። «ማዕበል» ብላችሁ ከተረጎማችሁት አንባቢው ከፍ ያለ ሞገድ እስኪያይ ይጠብቃል። ይህ ፍሰት ያለበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ከግራ ከቀኙ ይልቅ ጸጥ ያለ ይመስላል። «ወደ መሃል ባሕር የሚጎትት ፍሰት» ብላችሁ ዘርዝሩት። ረዘመ ብላችሁ አታሳጥሩ።

«ሬድ ታይድ»። ጥቃቅን የባሕር አልጌዎች ከመጠን በላይ ሲበዙ ውሃው ቀለም ይቀይራል። መሙላት የለም፣ መጉደል የለም። «የባሕር መቅላት» በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ ውሃ ከሌለ ግሱን አክብቡ

ምሳሌያዊው «ታይድ» ብቻውን ትርጉም የለውም። ከጎኑ ያለው ግስ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ታይድን ተዉትና ግሱን በእርሳስ አክብቡ። ዞረ? ተነሳ? ታገደ? ተዋኘበት?

ሥራውን የሚያቀል አንድ መረጃ ላቀብላችሁ። ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች «ታይድ» ሲሉ ጊዜ ማለታቸው ነበር። የባሕሩ ትርጉም በኋላ ነው የመጣው። አሁንም «ኢስተርታይድ» ሲሉ የፋሲካ ሰሞን ማለት ነው። ያቺ ታዋቂዋ «ታይም ኤንድ ታይድ» ብላ የምትጀምረው አባባልም መጀመሪያ ላይ የምታወራው ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ባሕር አልነበረም። «ጊዜ ማንንም አይጠብቅም» በሏትና እለፉ። ማዕበል አታስገቡባት።

ታዲያ እኛ ስለ ሰው ዕድል መገልበጥ ስናወራ ምን እንላለን? «ቀን ወጣለት።» «ቀን ጣለው።» «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።» እንግሊዝኛው ባሕር የሚልበት ቦታ ላይ አማርኛ ቀን እና ጊዜ ይላል። ባሕር ስለሌለን የፈጠርነው ምትክ አይደለም፤ ቃሉ ድሮ ወደነበረበት ቤት መመለስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሙከራችሁ ሁልጊዜ «ቀን» ወይም «ጊዜ» ይሁን። ካልገጠመ ብቻ ሌላ ፈልጉ።

ግሱ «ዞረ» ከሆነ። «ዘ ታይድ ሃዝ ተርንድ» ሲል እንግሊዝኛው ለማን እንደዞረ ላይናገር ይችላል። አማርኛ ግን ያስገድዳችኋል። ዞረለት ወይስ ዞረበት? አንቀጹ የማን ወገን እንደሆነ ለዩ። የአሸናፊው ታሪክ ከሆነ «ቀን ዞረለት»፣ የተሸናፊው ከሆነ «ቀን ዞረበት»። ዜና ከሆነና ወገን መያዝ ካልፈለጋችሁ «ነገሩ ተገለበጠ» ወይም «የጦርነቱ አቅጣጫ ተቀየረ» በሉ። ስለ ኳስ ከሆነማ «ጨዋታው ተገለበጠ»፤ ይህን ማንም ወያላ ያውቀዋል።

ግሱ «ዋኘ» ከሆነ። ከታይዱ ጋር የሚዋኝ ሰው «ጊዜውን መስሎ የሚኖር» ነው። ተቃራኒው «ከዘመኑ ጋር የማይሄድ» ሊሆን ይችላል፤ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ይህ ኋላ ቀር ማለትም ይሆናል። ጸሐፊው እያደነቀው ከሆነ «ብቻውን የቆመ» ይሻላል።

ግሱ «አገደ» ወይም «ገታ» ከሆነ። «ስቴም ዘ ታይድ» ማለት ነው። «የወንጀሉን መስፋፋት መግታት» ብቻ በሉ። ምስሉ ይጥፋ፤ አታልቅሱለት።

«ታይድ ኦፍ» ብሎ ሰዎችን ከጠራ። የስደተኛ፣ የሥራ ፈላጊ፣ የገጠር ሰው። እጃችሁ «ጎርፍ» ወይም «ማዕበል» ሊጽፍ ይቸኩላል። እኔ አልጽፍም። የኛ ሰፈር ራሱ ከመሃል ከተማ በተነሳ ሰው የተሞላ ነው፤ ማንም ጎርፍ ሆኖ አልመጣም፣ ፍራሹንና ድስቱን ጭኖ ነው የመጣው። «ብዙ ሰው እየገባ ነው» በሉ። የቅሬታ ወይም የደብዳቤ ከሆነ ግን «ቅሬታ እንደ ጎርፍ» ብትሉ ማንንም አይነካም።

ግሱ «ተነሳ» ከሆነ፣ ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 በንግግሩ የተጠቀመባት አንዲት አባባል አለች። ባሕር ሲሞላ ጀልባ ሁሉ አብሮ ይነሳል የምትል። ኢኮኖሚ ሲያድግ ሁሉም ይጠቀማል ለማለት ነው፤ የልማት ሰነድ ውስጥ አትጠፋም። አንድ ልጅ «ሙላት ሲመጣ ጀልባ ሁሉ ይነሳል» ብሎ አሳየኝ። ቃላቱ ልክ ናቸው። ግን ለእናቱ አነበበላቸውና እሳቸው «ወይኔ፣ ማንን ወሰደ?» አሉ።

ችግሩ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ ሙላት ይወስዳል እንጂ አያነሳም። ልጅ ይወስዳል፣ በግ ይወስዳል፣ ድልድይ ይወስዳል። በእንግሊዝኛው ተስፋ የነበረው ምስል በአማርኛ ለቅሶ ሆነ። ሁለት መውጫ አለ። ጽሑፉ የሰውየውን ንግግር ቃል በቃል መጥቀስ ካለበት «ባሕሩ ሲሞላ፣ ዳር የቆመ ጀልባ ሁሉ አብሮ ከፍ ይላል» በሉ፤ «ሲሞላ» የሚለው ግስ «ሙላት» ከሚለው ስም ያነሰ ያስፈራል። መጥቀስ ካላስፈለገ ደግሞ ጀልባውን ጣሉትና «ዕድገት ሲመጣ ለሁሉም ይደርሳል» ብላችሁ ጨርሱ። እውነት ይደርሳል ወይ የሚለው የእናንተ ሥራ አይደለም።

«ኤብ ኤንድ ፍሎው» ከመጣባችሁ፣ እሱም ከዚሁ ቤት ነው፤ መጉደልና መሙላት። «ውጣ ውረድ» እንዳትሉ። ውጣ ውረድ መከራ ነው። የገበያ መለዋወጥ ከሆነ «ከፍ ዝቅ ማለት» በሉ።

ደረጃ 5፦ «ታይድ ኦቨር»ን ሱቅ በር ላይ ፈልጉት

ወደዚያች ብድር ተመለስን። ግሱ ሲመጣ መዝገበ ቃላቱን ዝጉና ወደ ሰፈር ሱቅ ውረዱ። ቢቻል በወሩ መጨረሻ፣ ደመወዝ ሳይወጣ። እኔ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

ከፊቴ አንዲት ትልቅ ሴት ቆመዋል። ባለ ሱቁ ልጅ እግር ነው።

«የኔ ልጅ፣ ደመወዝ እስኪወጣ የምታደርሰኝ ግማሽ ሊትር ዘይት አለችህ?»

«ለእትዬማ አይጠፋም። ልጻፋት?»

«ጻፋት። ሲወጣ እከፍልሃለሁ።»

ልጁ ከሚዛኑ ሥር ደብተር አወጣ። ሽፋኑ ዘይት ጠጥቶ የሚያሳይ ወረቀት ሆኗል። እስክሪብቶው በክር መደርደሪያው ላይ ታስሯል። ገጹ ላይ ስም የለም፤ የቤት ቁጥር ነው ያለው። ከ«ስኳር 1» በታች «ዘይት ግማሽ» ብሎ ጻፈ።

«የምታደርሰኝ» የምትለዋን ያዙ። «ታይድ ሚ ኦቨር» ማለት እሷ ናት። ባሕሩ ሲሞላ፣ ያሸዋው ክምር ሳያግደው ጀልባውን ተሸክሞ እንደሚያሳልፍ፣ ግማሽ ሊትሯ ዘይት ሴትዮዋን ጭና ደመወዝ ቀን ላይ ታወርዳለች።

አሁን በቅደም ተከተል ሥሩ።

1. ማን ነው የሚሻገረው? በእንግሊዝኛው «ታይድ» እና «ኦቨር» መሃል ያለው ሰው ነው።

2. እስከ መቼ? እንግሊዝኛው አንዳንዴ አይናገርም። አማርኛ ግን «እስከ» ወይም «እስኪ» ይፈልጋል። ከአንቀጹ ፈልጋችሁ አውጡ። ከሌለ «ለጊዜው» በሉ።

3. በምን? ገንዘቡ፣ ዘይቱ፣ ብድሩ።

4. ግሱን ምረጡ። ለአጭር ጊዜ «ማድረስ»፤ «እስከ ቅዳሜ ያደርሰኛል»። ለረዘመ ጊዜ «ማዝለቅ»፤ «ክረምቱን ያዘልቀናል»። ችግር ካለበት «ማሻገር»፤ «ክፉ ቀን ያሻግራል»። ኑሮ ከሆነ «መግፋት»፤ «ወሩን እንገፋበታለን»።

ማስጠንቀቂያ፦ «ማሻገር»ን ስለ ድንበር በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ አትጠቀሙ። ሰው ማሻገር ሌላ ነገር ነው፤ ፖሊስ ይፈልገዋል።

ደረጃ 6፦ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አንብቡት

ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አጠገባችሁ ለቆመ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ በኛ መስመር ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ጊዜ አታጡም። «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ ይሉኝታ ይዞት «ገባኝ» ይላችኋል። «እና ምን ሆነ ማለት ነው?» በሉት። በራሱ ቃል ከተረከላችሁ ጨርሳችኋል።

ሲበላሽ

ሰውየው ስለ ዝናብ ካወራ፣ «ባሕር» የሚለውን ቃል ጥላችኋል። ደረጃ 3።

ስለ አደጋ ካወራና ጽሑፉ ስለ ተስፋ ከሆነ፣ «ሙላት» የሚለው ስም ነው ያስፈራው። ወደ ግስ ቀይሩት። ደረጃ 4።

ጽሑፉ ሁለቱንም ትርጉም ሆን ብሎ ከያዘ፣ ለምሳሌ ስለ ዓሣ አጥማጆች መንደር የወጣ ዜና ርዕሱ ላይ «ታይዱ ዞረ» ካለ፣ በአንድ ቃል ሁለቱን አትያዙም። ርዕሱ ላይ «ቀን ወጣላቸው» በሉ፣ ባሕሩን ወደ መጀመሪያው መስመር አውርዱት። ሁለቱንም ርዕስ ላይ ለመጨመቅ ስትታገሉ ያመሻችሁበትን ሰዓት ሌላ አንቀጽ ትጨርሱበታላችሁ።

ቃላቱ ሁሉ ልክ ሆነው ዓረፍተ ነገሩ ግን ከተንገዳገደ፣ ባለቤቱን እዩት። ያቺ ተማሪ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሳፋውንም ሞክራለች፣ ሱቅም ወርዳለች። ደብተሯ ላይ «ይህ ብድር እስከ ደመወዝ ቀን ወሩን ይገፋናል» ብላ ጽፋለች። ግሱ ልክ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛው የሚሠራው ብድሩ ነው፤ በአማርኛ ወር የሚገፋው ሰው ነው፣ ብድሩ መግፊያው ነው። እርሳሷን ተቀብዬ «ይህ» ፊት «በ» ጨመርኩ፣ «ይገፋናል»ን ሰርዤ «እንገፋለን» አልኩት። «በዚህ ብድር እስከ ደመወዝ ቀን ወሩን እንገፋለን።» አነበበችው። «ቲቸር፣ እንደ እማዬ ሆነ» አለችና ቀጣዩን ጥያቄ ገለጠች። «አንከር» ይላል።